ሁለተኛው ወፍ የመጣ እሁድ

ያን እሁድ ከቅዳሴ ወጥተን መኪና ውስጥ እንደገባን፣ እህቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችና «ማሙሽ፣ በወንዙ በኩል እንሂድ» አለችኝ።

በወንዙ በኩል የሚባል መንገድ የለም። ቤታችንም ቤተ ክርስቲያኑም ሲልቨር ስፕሪንግ ናቸው፤ በእግር እንኳ ይደረሳል። እሷ የምትለው ወንዝ ያለው አሌክሳንድሪያ ነው። ቀለበት መንገዱን ይዞ፣ ትልቁን ድልድይ ተሻግሮ፣ ሌላ ስቴት መግባት ነው። እኔ ደግሞ የቅዳሜን ሌሊት ኤርፖርት የኪራይ መኪና ሳጥብ አድሬ፣ በቀጥታ ነበር ቤተ ክርስቲያን የመጣሁት። ቆሜ ሳንቀላፋ ከሴቶቹ በኩል ሆና አይታኛለች።

«ዛሬ እኮ ኦፍሽ ነው» አልኳት።

«ኦፍ የሆንኩት እኔ ነኝ። ወፉ ኦፍ የለውም።»

አልተከራከርኩም። መከራከር ጉልበት ይፈልጋል።

ስለ ወፉ ማስረዳት አለብኝ፤ ያለሱ ሌላው አይገባም። እህቴ ሆም ኬር ትሠራ ነበር። ከሰኞ እስከ አርብ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ብቻውን የሚኖር አንድ የዘጠና አንድ ዓመት አሜሪካዊ ሽማግሌ ትረዳ ነበር። በጉልምስናው መሬት ቀያሽ ነበረ። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጁ ካሊፎርኒያ ነው። እህቴ «አባባ» ብላ ነበር የምትጠራው፤ እንደ አባት ቆጥራ አንተ ትለዋለች። እኔም እንደሷ ልጻፈው።

ሽማግሌው ከቤቱ የአስር ደቂቃ መንገድ ርቆ፣ የጀልባ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ውኃ ውስጥ የቆመ የእንጨት ምሰሶ ላይ ያለ አንድ ጎጆ ከሃያ ዓመት በላይ ሲከታተል ኖሯል። የኦስፕሪ ጎጆ ነው። ኦስፕሪ ከጭልፊት ተለቅ፣ ከንስር አነስ የሚል፣ ዓሣ ብቻ የሚበላ ወፍ ነው። ብርዱን ደቡብ አሜሪካ ያሳልፍና በመጋቢት ይመለሳል። ባልና ሚስቱ አብረው አይሄዱም። ለየብቻ ሄደው ለየብቻ ይመጣሉ፤ የሚገናኙት እዚያው ጎጆ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከእህቴ ነው። እኔ ወፍ አላውቅም።

ሽማግሌው እግሩ ሲከዳው፣ የሚረዱትን ሴቶች ሄዳችሁ እዩልኝ ማለት ጀመረ። እሺ ይሉታል፣ ወጥተው ጥቂት ስልካቸውን ነካክተው ይመለሱና «ምንም የለም» ይሉታል። እህቴ ግን ሄደች። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሮጣ ተመልሳ «አለች፣ ጎጆዋ ላይ ተቀምጣለች» አለችው። «ምን ስታደርግ አየሻት?» አላት። «ተቀምጣ።» «ደረቷ ምን ይመስላል?» ደረቷን ልብ አላለችውም። እንደገና ላካት። ለካ የተቀመጠችው ዝይ ናት። ኦስፕሪዎቹ ሳይመጡ ዝዮች ቀድመው ቤቱን ይይዙታል። ያን ቀን ማታ ቤት ገብታ ጫማዋን እየወረወረች «ሽማግሌ አይደለም፣ መርማሪ ፖሊስ ነው!» ስትል አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ምን እንደያዛት አላውቅም። የሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽሩን ሰጣት፤ አንገት የሚቆርጥ ከባድ ነገር ነው። በምሳ ሰዓቷ ይዛው ትወጣለች። ጎጆው ውስጥ ምን ምን እንዳለ ትነግረኝ ነበር፤ እንጨት፣ የወንዝ ሣር፣ ሰማያዊ ገመድ፣ የልጅ ነጠላ ጫማ አንድ እግር። እኔ እራቴን እየበላሁ እሰማለሁ፣ ወይም የሰማሁ እመስላለሁ። ባለፈው ዓመት ሦስት ጫጩት ተፈልፍሎ ሁለቱ በረሩ። አንዱ ምን እንደሆነ አታውቅም። ስላላየች አልነገረችውም።

ወሬውን የምትነግረው ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ ነው፤ ጆሮው ስለደከመ የመስሚያ መሣሪያውን አድርጎ እንኳ ከንፈሯን ማየት ይፈልጋል። በስልክ አትነግረውም። ስልኩ ደዋዩ የሚናገረውን በትንሽ መስታወት ላይ በፊደል የሚጽፍ ዓይነት ነው። ወንድሙ መሞቱን ያነበበው በዚያ መስታወት ላይ ነበር። የሌሊት ልብሱን እንደለበሰ፣ ብቻውን፣ ሰላምታውና ሞቱ አንድ መስመር ላይ ሆኖ። ለእህቴ ሲነግራት «እንደ አየር ሁኔታ ነው ያነበብኩት» ብሏታል።

ደግሞ ቀልድ ነበራቸው። ወፎቹ የመጡ ቀን እህቴ ፊቷን አጨልማ፣ አንገቷን ደፍታ ትገባለች። አንድ ቃል አትናገርም። እሱ ይጨነቃል፣ ይጠይቃል፤ በመጨረሻ ሳቋ ያመልጣታል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ነቅቶባታል፤ ሆኖም እያወቀም ይጫወትላት ነበር።

በዚህ ዓመት ሴቷ በጊዜዋ መጣች። ዝዮቹን አባርራ ተቀመጠች። ወንዱ አልመጣም። አምስት ቀን፣ አስር ቀን። አሥራ ሰባት ቀን ሞላ። ሽማግሌው ምግቡን ማጋመስ ጀመረ። «በዚህ ዕድሜው መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል» ይላታል፤ ስለ ወፉ። ግራ እግሩ ላይ ሰዎች ያሰሩለት የብር ቀለበት አለ፤ በሱ ነው የሚለዩት።

«ካልመጣ ሌላ ታገባለቻ» ብያት ነበር አንድ ቀን። «ምን ችግር አለው?»

«አንተ ዝም በል። አንዲት እንኳ ያላገኘህ ሰው ስለ ትዳር አታውራ።»

እንግዲህ ያን እሁድ ወንዙ ዳር ያለው ፓርኪንግ አቆምኩ። እህቴ የቅዳሴ ቀሚሷ ላይ ጃኬት ደርባ፣ ስኒከሯን አጥልቃ፣ መነጽሩን አንጠልጥላ ወረደች። «አትወርድም?» አለችኝ። «መጣሁ» ብዬ ወንበሩን ወደኋላ ለቀቅሁት። ተኛሁ።

የቀሰቀሰኝ የመስኮቱ ድብደባ ነው።

«መጣ! ማሙሽ ተነስ፣ መጣ! ዓሣ ይዞላት ነው የመጣው!»

«በሁዳዴ?»

«ለወፍ ይፈቀዳል። ቀለበቱን አየሁት እኮ! ና ውጣ፣ ሳይበር።»

«ከዚህ ይታየኛል» አልኳት።

ከዚያ የሚታየው የቆሻሻ መጣያውና የአንድ ጀልባ ቂጥ ነው። ወደ ወንዙ ዞር ብላ አየች፣ ወደ እኔ ዞረች። «ውሸታም!» ብላ ስቃ ብቻዋን ተመለሰች። ሌላ አስር ደቂቃ ያህል ቆየች። እኔ ጀርባዋን አያለሁ፤ ነፋሱ ቀሚሷን እግሯ ላይ ይጠመጥመዋል። ክንዷ መነጽሩን ይዞ ሲደክመው በሌላው ትደግፈዋለች። በሩን ከፍቼ ለመውረድ ሃያ እርምጃ ነበር። ሃያ አምስት ቢሆን ነው።

ስንመለስ መንገዱን በሙሉ ሰኞ እንዴት እንደምትነግረው ስታቅድ ነበር። «ዘንድሮ ዕንባም እጨምራለሁ» አለች። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ምነው?» አልኳት። «ቆሜ ስለዋልኩ ነው፤ ሽንኩርት የምልጠው አንተ ነህ ዛሬ» አለች።

ሽንኩርቱን አልላጥኩም። ከትናንት የተረፈ ሽሮ ነበር፣ እሱን አሙቀን በላን። ክኒን ዋጠች። «አምስት ሰዓት ላይ ቀስቅሰኝ፣ የነገ ምሳዬን መሥራት አለብኝ» ብላ ክፍሏ ገባች። ሰዓቱን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እኔም ሶፋው ላይ ተኛሁ። የነቃሁት አምስት ተኩል ላይ ነው።

የቀረውን ባጭሩ ልጻፈው። ጠራኋት። ነካኋት። አምቡላንስ በሰባት ደቂቃ መጣ፤ ፈጥነዋል፣ ማንንም አልወቅስም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለስላሳ የሚሸጠው ማሽን አጠገብ ቆሜ ሳለ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ዶክተር መጥቶ ዘመዷ መሆኔን ጠየቀ። ራሷ ውስጥ ደም ፈሷል አለ፤ ማዳን አልቻልንም፣ ሞታለች፣ አዝናለሁ አለ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ የምትደውልለት ሰው አለ ወይ አለኝ። እኔ የማሽኑን ቁልፎች አያለሁ። ቢ ስድስት ውኃ ነው።

በእኛ አገር እንዲህ አይነገርም። አባታችን ሲሞት ልጅ ነበርኩ፤ ግን አስታውሳለሁ። ሲነጋጋ ነው የመጡት፤ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ሽማግሌ አንድ ላይ ተሰብስቦ። ማንም ቶሎ አልተናገረም። እናቴ የሰዎቹን አቋቋም አይታ ነበር ያወቀችው። ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ መኖር አለበት፤ ለዚያ ነው። አሁንም ሰው ደውሎ ለአጎቴ ነገረው፤ እሱም ደብረ ብርሃን ላለችው እናታችን እንደዚያው አደረገ። ከመሸ በኋላ፣ እዚያ ሲነጋ፣ ደውሎ «አረዳናት» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ቤታችን ሰው ሞላ። ጫማው ከበሩ ውጪ ደረጃው ድረስ ተደርድሯል። የእህቴ ጓደኛ፣ እዚያው ኤጀንሲ አብራት የምትሠራው፣ ሰኞ ለሽማግሌው ምትክ እንዲላክ ብላ ለኃላፊዋ ቴክስት አድርጋ ነበር። መልሱ ሲመጣ ጮክ ብላ አነበበችልን።

«በጣም አዝነናል ይላል። ተለዋጭ ሰው ዘጠኝ ተኩል ላይ ትደርሳለች። ስምንት ሰዓት ቢሮ ስንከፍት ለደንበኛው ኮል አድርገን እናሳውቀዋለን፣ ይላል።»

«በስልክ?» አልኩ። ከመጡ ጀምሮ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል መሆኑን የሰዎቹ ፊት ነገረኝ።

«ታዲያ በምን? ቢሮ እኮ ነው።»

«መስታወቱ ላይ ነው የሚያነበው» አልኩ። «ብቻውን ነው።»

የእድራችን ሊቀመንበር ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ድሮ አስተማሪ ነበሩ፣ እዚህ ታክሲ ይነዳሉ። «ማነው ሰውዬው?» አሉ። ነገርኳቸው። «ስንት ዓመቱ ነው?» ዘጠና አንድ አልኳቸው። «ከጎኑ ማን አለ?» ማንም የለም አልኳቸው። አንገታቸውን ወዘወዙ።

«እንግዲያው እሱም ሐዘንተኛ ነው። ሄዶ ማርዳት ነው።»

«ጋሼ፣ ኤጀንሲው ይቆጣል» አለች ጓደኛዋ። «ሰው ቤት ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው።»

«መርዶ በፈቃድ ነው እንዴ? አብረሽን ትሄጃለሽ። ቤቱን ታውቂዋለሽ።»

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩ።

«አንተማ አትሄድም፣ ልጄ። አንተ የሚያጽናኑህ ነህ እንጂ የምታረዳ አይደለህም። ሐዘንተኛ ሲያረዳ የት ታይቶ?»

«እርስዎ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ከንፈርዎ አይነበብም» አልኳቸው። ማስቀየም አልነበረም ሐሳቤ፤ ጢማቸው ትልቅ ነው። አንድ ሰው ሳቀ፣ ወዲያው ደነገጠ። ሊቀመንበሩ ግን ጢማቸውን ዳሰሱና «እውነቱን ነው» አሉ።

ሰኞ ከጠዋቱ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ በሊቀመንበሩ ታክሲ ተነሣን። አሌክሳንድሪያ ስንደርስ ገና ጨለማ ነው። «ሳይነጋ በር አይንኳኳም» አሉ ሊቀመንበሩ። የት እንጠብቅ ሲሉኝ ወንዙ ዳር ወሰድኳቸው፤ ሌላ የማውቀው ቦታ የለም። ሞተሩን አጥፍተው ዳዊታቸውን በስልካቸው ብርሃን መድገም ጀመሩ። እኔ ወረድኩ።

ብርድ ነበር። እስከ እንጨቱ አጥር ሄድኩ። መጀመሪያ ምሰሶው ብቻ ነው የታየኝ፤ ከላዩ አንድ ክምር፣ ማንም ያመጣው የማይመስል ቆሻሻ። ቀስ እያለ ሲነጋ ክምሩ መሃል የአንዷ ራስ ታየ። ነጭ ነው፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበት። ትጮህ ነበር። ያን ለሚያህል ወፍ የማይሆን ቀጭን ድምፅ ነው፤ እንደ ጫጩት። ከዚያ ወንዱ ከየት እንደመጣ ሳላይ ከላይ መጣ። እግሩ ላይ እንደ ክንዴ የሚረዝም ደረቅ እንጨት ይዟል። ጎጆው ጫፍ ላይ ሊያሳርፈው ሲል አመለጠውና ውኃ ውስጥ ወደቀ። ወዲያው ዞሮ ሄደ። ሌላ ይዞ መጣ። ይኼኛው ተቀመጠለት። ሴቷ በአፏ ጎትታ ቦታውን ቀየረችው። ቀለበቱ አልታየኝም፤ መነጽር አልያዝኩም።

የእህቴ ጓደኛ ኋላዬ ቆማ ነበር። «እነዚህ ናቸው?»

«እነዚህ ናቸው።»

«ለዚህ ነው ምሳዋን ሳትበላ ስትሮጥ የነበረው?» አለች፤ ከዚያ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። እኔም አላጽናናኋትም። ደክሞኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሌሊቱን ሲያጽናናኝ አድሮ ለሌላ ሰው የሚሆን ቃል አልተረፈኝም።

ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ በሩ ላይ ደረስን። ጓደኛዋ ከዚህ በፊት እህቴን ተክታ ስለሠራች የበሩን መክፈቻ ቁጥር ታውቃለች። ሊቀመንበሩ ካፖርታቸው ላይ ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚለበሰው አድርገው ለበሱ። ሽማግሌው ማለዳ ተነሥቶ ከአልጋው እስከ ወንበሩ ራሱ ይደርሳል። ጋውን ለብሶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መስኮቱን እያየ ነበር። መግባታችንን አልሰማም። ፊቱ መጥተን ስንቆም ነው ያየን።

እንደ አገራችን ቆምን። በመስመር፣ እጃችንን አጣምረን፣ አንገታችንን ደፍተን። ማንም አልተናገረም። መርዶ እንደዚህ ነው፤ ሰውዬው ከፊታችን ላይ እንዲያነብ ጊዜ ይሰጠዋል።

አነበበ። አንድ በአንድ ተመለከተን። እኔን ያውቀኛል፤ ገና ላይ ወስዳኝ ነበር። ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ ተከፈተና ሳቀ።

«መጣ፣ አይደል? ወፉ መጣ!»

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅሁም። መጥቷል። መዋሸት አልቻልኩም። ራሴን ወደ ታች ነቀነቅሁ።

የወንበሩን ክንድ በመዳፉ መታ። «አውቄ ነበር! ዘንድሮ ደግሞ ሦስት ተዋናይ ቀጥራ ላከች። የት አለች፣ በሩ ጋ ናት? ግቢ በሏት፣ ነቅቼባታለሁ።» በእኛ መሃል አንገቱን አስግጎ በሩን ያያል።

«ምን አለ?» አሉኝ ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ፣ የሰሙትን ያላመኑ መስለው።

«እሷን ጥሯት አለ።»

ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በል ልጄ። በቀስታ።»

ጉልበቱ አጠገብ ተንበርክኬ በቀስታ ነገርኩት። «ምን?» አለኝ፣ አሁንም እየሳቀ። የመስሚያ መሣሪያው ጆሮው ላይ አልነበረም። ስምንት ተኩል ላይ ስትገባ የምታደርግለት እህቴ ናት። ለወጉ ብለን ማልደን መጣን፤ ስለ ጆሮው አንዳችንም አላሰብንም። ከፍ አድርጌ ደገምኩት። እጁን ጆሮው ላይ ደግኖ ጎንበስ አለልኝ። «ምን አልክ?» ከንፈሬ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ማንበብ አልቻለም ይሆናል።

በሦስተኛው ጮህኩ። «እህቴ ሞተች!»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያን ቃል በአፌ አላወጣሁትም ነበር፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ለሰው ሁሉ ሌላ ሰው ነበር የሚናገርልኝ። ከወዲያ በኩል ጎረቤት ግድግዳውን በጡጫ መታ። የእህቴ ጓደኛ እዬዬዋን ለቀቀችው፤ ሊቀመንበሩ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሽማግሌው አፌን እያየ ቀረ። ሳቁ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስል ፊቱ ላይ ቆየ። ከዚያ እጁን አውጥቶ ትከሻዬ ላይ አደረገ። ከባድ እጅ ነው። ማን ማንን እንደያዘ አላውቅም።

«መቼ?»

«ትናንት።» ይህን አነበበው።

«ወፉንስ?» አለ። «አይታዋለች?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«በዓይኗ?»

ነቀነቅሁ። «እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ» አልኩት። «ውረድ ብላኝ አልወረድኩም።» ድምፄ ዝቅ ብሎ ስለነበር አልሰማም። እንዲደገምለትም አልጠየቀም።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ አጠገብ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሽማግሌው መብራቱን አየ፤ ወደ መስታወቱ አልዞረም። ወደ እኔ ዞረ። ተነሥቼ አነሣሁት። አንዲት ሴት በጠዋት ቢሮ ድምፅ ሰላምታዋን ጀመረች፤ ፊደሎቹ መስታወቱ ላይ መውጣት ጀመሩ።

«ያውቃል» አልኳት። «ነግረነዋል።»

«ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

«ወንድሟ ነኝ።»

መስታወቱ ለጊዜው ባዶ ሆነ። ከዚያ ይቅርታ ብላ፣ ተለዋጯ በሰዓቷ እንደምትደርስ ነግራኝ ዘጋች።

ሊቀመንበሩ «ቤት ሰው እየጠበቀ ነው፣ እንሂድ» አሉኝ። ተለዋጯ እስክትመጣ ልቆይ አልኳቸው። ተከራክረው ሊያሸንፉኝ ይችሉ ነበር፤ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ጓደኛዋ ዓይኗን አጥባ የመስሚያ መሣሪያዎቹን ከትንሽ ሣጥናቸው አውጥታ ሰጠችኝ። የትኛው የግራ እንደሆነ አላወቅሁም። የመጀመሪያውን ሳስገባው አፏጨ። ሽማግሌው ፊቱን አኮማተረ፣ ግን ዝም ብሎ ጆሮውን ሰጠኝ። ሁለተኛው ቶሎ ገባ።

«አሁን ይሰማል?» አልኩት።

«ይሰማል። መጮህ አያስፈልግም» አለ። «እንደገና ንገረኝ። የትናንቱን ቀን።»

ከወጥ ቤቱ ወንበር አምጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ከጠዋቱ ጀምሬ፣ ያየሁትንና ያላየሁትን እየለየሁ፣ መኪና ውስጥ የተኛሁትንም ሳልተው፣ ቀስ ብዬ ነገርኩት።